«ልብህ የት ነው ያለው?» ላላችሁን ሁሉ

እንፍራንዝ ላይ የአንድ ሰው ሱቅ ከተዘጋ ወሬው ከሚኒባሱ ቀድሞ ማክሰኚት ይገባል። ምክንያቱንም ሁሉም ሰው ያውቀዋል፦ ቀልቡ አይሰበሰብም፣ የጀመረውን አይጨርስም፣ የሰጡትን ይጥላል። ሐኪም የትኩረት ጉድለት ይለዋል፤ ሰፈሩ ዝርክርክ ይለዋል። እስከ ዛሬ ተናጋሪው ሰፈሩ ነበር፤ ዛሬ ወረፋው የእኛ የዝርክርኮቹ ነው። ደግሞም ጎረቤታችን ፎገራ አለቃ ገብረ ሐናን ያበቀለች ምድር ናት፤ ተሰድቦ ዝም ማለት ያገሩም ወግ አይደለም።

«ትልቅ ሰው ሆነህ ትረሳለህ?» አሉኝ እትዬ፣ ቡናውን እየቆሉ።

ትልቅ ስለሆንኩ ነዋ እትዬ! ልጅ ሳለሁማ እናቴ ታስታውሰኝ ነበር፤ ጥጆቹን ታላቅ ወንድሜ ይቆጥርልኝ ነበር፤ የቀረውን የኔታ በአለንጋ ያስታውሱኝ ነበር። አሁን ግብሩን፣ ብድሩን፣ የቤት ኪራዩን፣ የልጁን ክትባት ለአንድ ጭንቅላት ትተውለት ሁሉም ወደየቤታቸው ገቡ። ሕመሙ ከልጅነት የነበረ ነው፤ ያለቀው አስታዋሹ ነው።

«በእኛ ጊዜ እንዲህ ያለ በሽታ አልነበረም» የሚሉ አባቶች አሉ። አክብሬ ልመልስ፦ ነበር እንጂ አባቴ! አሌክሳንደር ክራይተን የተባለ ስኮትላንዳዊ ሐኪም ሐሳቡ አልሰበሰብ ያለውን ሰው ሕመም በመጽሐፍ የጻፈው በ1798 እ.ኤ.አ. ነው። ያን ጊዜ እኛ ዘመነ መሳፍንት ላይ ነበርን። ጎንደር ላይ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ዙፋን ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ፣ ደግሞ ይወጣሉ። ከ1779 እስከ 1800 እ.ኤ.አ. ድረስ ስድስት ጊዜ ነገሡ። ስድስት! እዚህ አንድ ምስኪን ሁለተኛ ሱቅ ልክፈት ቢል «የመጀመሪያው አልበቃህም?» ትሉታላችሁ። እርግጥ ንጉሡን ያወረዷቸው መሳፍንቱ ናቸው፤ እኛን የሚያወርደን ያልተከፈለ የመብራት ሂሳብ ነው። ለእሳቸውም ቢሆን «ፍጻሜ መንግሥት» የሚል ቅጽል ወጥቶላቸዋል። ለወደቀ ሰው ስም ማውጣት ያገራችን ጥንታዊ ሙያ ነው፤ እሱስ ምነው በተዘነጋ!

ስለ ወደቀ ነገር ካነሣን ቀና በሉና ጉዛራን ተመልከቱ። ዐፄ ሠርጸ ድንግል በ16ኛው መቶ ዘመን ያሠሩት ግንብ ነው፤ ግድግዳው እንደፈራረሰ ስንት ትውልድ አለፈበት። ማንም «አይ ጉዛራ፣ ልብ የለውም እኮ» አላለውም። ቅርስ ነው፤ እንግዳ ሲመጣ ይጎበኛል፣ ፎቶ ይነሣል። የእኔ ወዳጅ ልብስ ስፌት ቤት ከተዘጋ ገና ሦስት ወሩ ነው፤ ውርደት ተባለ። እሱም እኮ ሊጎበኝ ይችል ነበር፤ ያልተጨረሱ አሥራ አንድ ሱሪዎች በነበሩበት ተሰቅለዋል።

«ሰነፍ ነው» ነው የምትሉት? ሰነፍ ሰው አንድ ሱሪ አይጀምርም ጌታዬ፤ ይሄ አሥራ አንድ ጀምሯል!

«ታዲያ ኳስ ሲሆን እንዴት ዘጠና ደቂቃ ሙሉ ዓይኑን ሳይነቅል ያያል?» ይህችን ሁሉም ሰው ራሱ ያገኛት ይመስለዋል። ትኩረት ሞልቷል፤ መሪው ነው ያስቸገረ። ደስ ያለው ነገር ላይ ተጣብቆ ይቀራል፣ የሰለቸው ነገር ላይ በልመናም አይቆም። ኳሱ በየደቂቃው ይጠራዋል፤ የግብር ቅጽ ግን ጎል አግብቶ አያውቅም።

የሚያስቁኝ ደግሞ «እኔም እኮ እረሳለሁ» ባዮቹ ናቸው። አንተማ ቁልፍህን ትረሳለህ፤ የእኔ ወዳጅ ቁልፉን ይዞ የሄደበትን በር ነው የሚረሳው። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ2013 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመዘኛ ከአዋቂ ሰው ቢያንስ አምስት ምልክት ይፈልጋል፤ ጅማሬውም ከ12 ዓመት ዕድሜ በፊት መሆን አለበት፤ ምልክቱም ቤትም፣ ሥራ ቦታም፣ ቢያንስ ሁለት ቦታ መታየት አለበት። የምትረሳው ቤት ውስጥ ብቻ፣ ያውም ሚስትህ ያዘዘችህን ብቻ ከሆነ ሕመም አይደለም፤ ትዳር ነው። ከተጠራጠርክ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና አለ። እዚያ ስለ መርሳቱ ብቻ አትንገራቸው፤ ከኪሳራው በኋላ እንቅልፍ እንዳጣህ፣ ሰው ማየት እንዳስጠላህም ጨምር። ጭንቀትና ድብርት ከዚህ ችግር ጋር አብረው መገኘታቸው የተለመደ ነው፤ አንዱ ታክሞ ሌላው ቢቀር ሕክምናው ጎደሎ ነው። ካርድህን ደግሞ እንዳትጥል።

«ሰባት ቀን ጸበል ይጠመቅ» አሉ አንዲት እናት። ደግ ብለዋል፤ ግን በሦስተኛው ቀን ሌላ ደብር ነው የሚገኘው፤ ያስታውሰው ሰው ይመድቡለት።

«የሐኪም መድኃኒት ሱስ ያስይዛል!» አለኝ ሌላው። መጀመሪያ የጉንጭህን ጫት ትፋና እናውራ። ለዚህ ችግር ከሚታዘዙት አንዱ ሪታሊን ነው፤ ስዊዘርላንድ ውስጥ ሊያንድሮ ፓኒዞን የተባለ ኬሚስት በ1944 እ.ኤ.አ. ሠራውና በሚስቱ በሪታ ስም ጠራው። ጥንቃቄ ይፈልጋል፣ ያለ ሐኪም አይነካም፤ ለሁሉም ሰውም አይስማማም። ሐኪሙ ግን መጠኑን ለክቶ፣ የልብ ምትና የደም ግፊት ለክቶ ነው የሚሰጥህ። ያንተን ጫት የሚለካልህ ማነው? ሻጯ!

ከሰዳቢዎቹ ይልቅ አጽናኞቹ ይከፋሉ። «ይሄ እኮ ስጦታ ነው፤ ማይክል ፌልፕስ እንዳንተ ነው፣ 28 የኦሊምፒክ ሜዳልያ አምጥቷል» ይላሉ። ልክ ነው፣ ፌልፕስ ችግሩ በልጅነቱ ተነግሮታል፣ ሜዳልያውም አይካድም። ግን እናቱ ጎኑ ነበረች፣ አሠልጣኝ ነበረው፣ መዋኛ ነበረው። ልብስ ሰፊው ምን አለው? የሚያስከፍለው አከራይ። ስጦታ ከሆነ ደረሰኙን ስጡንና እንመልሰው።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ። ወዳጄ ከወደቀ በኋላ አንድ ዘዴ አመጣ፦ ብቻውን ሲሆን እጁ ሥራ ስለማይዝ፣ የአክስቱን ልጅ አጠገቡ ቁጭ አድርጎ ይሰፋል። ልጁ ምንም አይሠራም፣ የራሱን ትምህርት ያነባል፤ ሱሪው ግን ያልቃል። ሰፈሩ ሣቀ፤ «ሞግዚት ቀጠረ!» ተባለ። እናንተዬ! ጤፍ ሲደርስ ደቦ የሚጠራ ማነው? ወንፈል የሚገባ ማነው? ሃያ ሰው ጠርታችሁ፣ ጠላ ጠምቃችሁ፣ እያዘፈናችሁ ስታጭዱ ባህል፤ እሱ አንድ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ሲያስቀምጥ ድክመት?

ስልኩ ላይ አምስት ማንቂያ መኖሩም ያስቃችኋል። እናንተን እኮ ወሩን ሙሉ የሚያስታውሷችሁ ቅዱሳኑ ናቸው፦ በ12 ሚካኤል፣ በ19 ገብርኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ23 ጊዮርጊስ፣ በ27 መድኃኔ ዓለም። ብድር የምትቀጥሩበት፣ ዘመድ የምትጠይቁበት፣ ማኅበር የምትጠጡበት ቀን የእነሱ ነው። ያ ሁሉ አስታዋሽ እያላችሁ ማኅበር ረስቶ የቀረ ሰው የለም ወይ? ስም አልጠራም፤ ዳቦው ግን ሻግቷል።

ወዳጄ የከሰረው ገንዘብ ይመለሳል፤ ጥቂት በጥቂት እየከፈለ ነው። ወለድ የሚበላው የእናንተ ወሬ ነው፤ ወዳጄ በዚያ አፍሮ በጓሮ በር መውጣት ጀምሮ ነበር። ባለፈው ግን አበዳሪው በጓሮ በኩል ጠበቀና ያዘው።

«መቼ ነው የምትከፍለኝ?»

«ለማርያም።»

«ለየትኛዋ ማርያም?»

«ይችን እንኳ አንተ አስታውስ እንጂ፤ ብሩ ያንተ ነው።»