ባለ 80 ፓውንዱ ክር

ቦሌ ሰው ልቀበል በሄድኩ ቁጥር ዐይኔ ከሰው ይልቅ ሻንጣ ላይ ያርፋል። ተቀባይ ወደ ውስጥ ስለማይዘልቅ፣ በሚኒባስ ተጭኖ የመጣው ዘመድ አዝማድ አበባውን ይዞ፣ ሕፃኑን አዝሎ፣ ውጭ ቆሞ አንገቱን አስግጎ በሩን ይጠብቃል። ጋሪዎቹ ብቅ ሲሉ ግን ከባለቤቱ በፊት ሻንጣው ያወራል። ከላይ እስከ ታች በፕላስቲክ የተጠቀለለው ባለቤቱ ጠንቃቃ ነው፤ ወይም አንድ ጊዜ ተሰርቋል። ዙሪያውን በቡናማ ፕላስተር የተለበደው ካርቶን ከዐረብ አገር ነው። እጀታው ላይ የነጠላ ጥለት ቁራጭ የተቋጠረበት ደግሞ ባለቤቱ ከሌላው ጥቁር ሻንጣ ሁሉ እንዲለየው እናቱ ድሮ ስትሸኘው ያሰረችለት ነው። ሲባጎ ግን የሁሉም ነው። በጥር 2011 ማስፋፊያው ሲመረቅ ተርሚናሉ በዓመት 22 ሚሊዮን መንገደኛ ያስተናግዳል ተብሎ ነበር። እኔ ይህን ስሰማ የታየኝ መንገደኛው ሳይሆን ሲባጎው ነው።

የአክስቴ ልጅ ሻንጣ ግን በሲባጎ አልታሰረም። ኑሮው ሚኔሶታ ነው፤ መኪናቸው ታርጋ ላይ «10,000 ሐይቆች» ብለው ጽፈው የሚዞሩ ሰዎች አገር። ሁለቱን ሻንጣዎች፣ ያው እንደተፈቀደው ሃያ ሦስት ሃያ ሦስት ኪሎ፣ ከስፌት ክር ብዙም በማይወፍር አረንጓዴ ነገር ወዲህና ወዲያ ተብትቦ አስሯቸዋል።

«ምን ነካህ፣ ሻንጣ በክር ይታሰራል?» አልኩት ገና ተቃቅፈን ሳንላቀቅ።

«ይሄ የዓሣ ማጥመጃ ጉንጉን ነው፤ ብሬድ» አለኝ። «ባለ 80 ፓውንድ። ሠላሳ ስድስት ኪሎ ይሸከማል። ሻንጣውን በዚች በአንዷ ብታንጠለጥለው ንቅንቅ አትልም። እዚህ አገር ደህና ክር አይገኝም ብዬ ለእናንተም ጥቅል ጥቅል ይዤ መጥቻለሁ።»

እዚህ አገር ደህና ክር አይገኝም። ይህችን ነገር ከቦሌ እስከ ገርጂ በመኪናው መስኮት ልጥላት ብል እምቢ አለችኝ። ደህና ቫይታሚን አይገኝም ይበል፣ እሺ። ደህና ጫማ አይገኝም ይበል፣ ይሁን። ክር? እናቱ እኮ ዕድሜዋን እንዝርት ስታሾር የኖረች ሴት ናት። ሊቀበለው የወጣችበት ነጠላ ማጉ የራሷ ፈትል ነው። ፈትሎ ለሚለብስ፣ ሲሞትም በፈተለው ለሚገነዝ ሕዝብ ክር ይዞ መምጣት ድፍረት ነው። አፌ ድረስ መጥቶ ነበር፤ እንግዳ ነው ብዬ ዋጥኩት።

ቤት ገብተን ቡናው ሲቆላ ሻንጣው ይከፈት ተባለ። ሻንጣ ሲከፈት ቤተሰብ እንዴት እንደሚሆን የታወቀ ነው፤ ሁሉም ሌላ ነገር የሚያይ መስሎ ያንኑ ያያል። ቋጠሮው አልፈታ አለ። የወጥ ቤት ቢላ መጣ፤ ክሩ ሙልጭልጭ ስለሆነ ቢላው ላዩ ላይ እየተንሸራተተ ያልፋል እንጂ አይነክሰውም። የልብስ ሰፊው ጎረቤታችን መቀስ መጣ፤ ዶልዱሞ ኖሮ ክሩን በሁለቱ ስለቶቹ መሃል አጥፎ አኘከው። አንዱ ላይተር ለኮሰ፤ እውነትም ክሩ እሳት አይችልም፣ ግን ከሥሩ ያለው ሻንጣም አይችልም። በመጨረሻ አክስቴ «ወዲያ በሉ እስቲ» ብላ፣ የለመደችውን ክር እንደምትበጥሰው ጣቷ ላይ ጠምጥማ ላጥ አደረገችው። ክሩ ደህና ነው። የተበጠሰው የአክስቴ ጣት ነው።

«በባዶ እጅ አይሳብም እኮ!» አለ ልጇ፣ ደሙን በሶፍት እየያዘላት። «ጓንት ያስፈልጋል።»

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው እውነት ነው፤ አንበሳውን ማን ይፈታዋል የሚለውን ግን ተረቱ አልነገረንም። ከዚህ ሁሉ ጎልማሳ መካከል ነገሩን የጨረሰችው ማንም ያልቆጠራት የአክስቴ የልጅ ልጅ ናት፤ ጥፍር መቁረጫ ይዛ መጣችና ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ።

ከዚያ ወዲያ ነገሩን ትቼ መተኛት ነበረብኝ። ግን ያናደደኝን ነገር ዘሩን ሳላጣራ አልተኛም። ዘሩ ሲጣራ፣ ይህ ጀግና የፌስታል ዘመድ ሆኖ ተገኘ። ቀልድ አይደለም፤ ሁለቱም ፖሊኢቲሊን ናቸው። ልዩነቱ የዚህኛው የሞለኪውል ሰንሰለት እጅግ ረጅም መሆኑ፣ ሲፈተልም ሰንሰለቶቹ ተወጥረው ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ መሰለፋቸው ነው። ሆላንዶች በፈረንጆቹ 1960ዎቹ ደረሱበት፣ ዳይኔማ ብለው ሸጡት፤ የአሜሪካኖቹ ስፔክትራ ይባላል። ኪሎ ለኪሎ ከብረት ይጠነክራል። ጥይት የሚመክት ሰደርያ ይሠሩበታል፣ መርከብ ያስሩበታል፣ ሐኪሞች ሰው ይሰፉበታል። ዓሣ አጥማጆች ደግሞ አራቱን ወይም ስምንቱን ዘሃ እንደ ሹሩባ ይጎነጉኑታል። ምክር ቤታችን በ2017 ዓ.ም. ፌስታልን የሚያግድ አዋጅ አጽድቆ እፎይ ሳይል፣ የፌስታል የአጎት ልጅ ሻንጣ አስሮ በቦሌ ገባ።

የአክስቴ ልጅ ላንጋኖ ሐይቅ ይዞኝ የወረደው ሊያሳምነኝ ነው። ግፍ አልናገርም፣ ክሩ ደግ ጎን አለው። የለመድነው ናይለን ሲጎተት ይለጠጣል፤ ይሄኛው አይለጠጥም ማለት ይቻላል። ዘንጉን አስያዘኝና ማስመጫውን እርሳስ ቀስ ብዬ እንድስብ ነገረኝ። መጀመሪያ ኮረኮንች ነበር፤ እያንዳንዷ ጠጠር መዳፌ ውስጥ ትቆጠራለች። ከዚያ ጠጠሩ አለቀና ጭቃ ሆነ፤ ጭቃ መሆኑ ራሱ ይታወቃል። አንዴ ደግሞ የሆነ ነገር ነካ አድርጎኝ ሄደ። ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ግን ከዚያ ቡናማ ውኃ ሥር አንድ ሰው በሬን ያንኳኳ ያህል ደነገጥኩ።

ቡናማነቱም ለክሩ በጀው። ጉንጉን ክር በጠራ ውኃ ውስጥ ለዓሣው ይታየዋል፤ ላንጋኖ ላይ ግን ዓሣው ራሱን ካየ ትልቅ ነገር ነው። ድንጋዩ ግን አልማረውም፤ የተወጠረ ጉንጉን ሹል ድንጋይ ካገኘ እየተፈተገ ይላላል። ሙልጭልጭ ስለሆነ ቋጠሮውም ይከዳል፤ እጥፍ አድርጎ፣ ደጋግሞ ጠምጥሞ፣ በምራቅ አርሶ ማጥበቅ ያስፈልጋል። አለመለጠጡም እዳ አለው፤ ዓሣው በድንገት ሲፈናጠር የሚያባብለው ነገር ስለሌለ መንጠቆው ከንፈሩን ቀዶ ይወጣል። ጫሞ ወርዶ ከናይል ፐርች ጋር ጉልበት ለሚፈትን ሰው ይሁንለት፤ እጅ ለማታህል ቆሮሶ ግን ምን የሚሉት ጦር ነው?

ከሁሉ የገረመኝ ሌላ ነው። ጉንጉኑ ብቻውን ማጠንጠኛው ላይ ከተጠቀለለ ቆንጥጦ ስለማይዝ እንዳለ ይሽከረከራል፤ ስለዚህ ከሥሩ ጥቂት ናይለን ይጠመጠምለታል። በዚያኛው ጫፍ ደግሞ ዓሣው እንዳያየው፣ ድንጋዩም እንዳይበላው፣ መንጠቆው ጋ ሌላ የማይታይ ክር ይቀጠልለታል፤ ያ ክር ብዙ ጊዜ ያው ናይለን ነው። ናይለንን ሊተካ የመጣ ክር በሁለቱም ጫፉ ናይለን ይደግፈዋል። ይህን ስለው እስከ ዝዋይ አላናገረኝም።

ዝም ባለበት ሰዓት ደግሞ እኔ በሐሳቤ ወደ ማሲንቆ ሄድኩ። ናይለን ሳይፈጠር፣ ሐርም ሳይረክስ፣ የአውሮፓ ዓሣ አጥማጅ ክሩን የሚገምደው ከፈረስ ጭራ ነበር። አይዛክ ዋልተን የሚባል እንግሊዛዊ በ1653 ባሳተመው የዓሣ ማጥመድ መጽሐፍ ጭራ እንዴት እንደሚመረጥና እንደሚገመድ ይተርካል። የእኛ አዝማሪም ያንኑ ጭራ ሰብስቦ ማሲንቆው ላይ ወጠረው። እነሱ በፈረስ ጭራ ዓሣ ያዙ፤ እኛ በፈረስ ጭራ ሰው። ምሽት ቤት ገብቶ፣ ስሙ ተጠርቶ፣ ተወድሶ፣ ብሩን አዝማሪው ግንባር ላይ ሳይለጥፍ የወጣ ማን አለ? አንድ ክራር የሚደረድር ጎረቤት አለኝ፤ ክራር ዛሬ በናይለን ስለሚወጠር የተረፈውን ጉንጉን ሰጠሁት። መቃኛው ላይ እየተንሸራተተበት አንዱን ክር ሲያጠብቅ ሌላው ሲላላ አመሸ። «ትዝታ ልቃኝበት ብዬ ባቲም አልሆነልኝ» አለኝ ሲመልስልኝ።

እዚህ ላይ ግን ቀልዱን ልተወው። ስንመለስ ዝዋይ ዳር አቆመን፤ የአክስቴ ልጅ ጥቅሎቹን አወጣና በደንገል ታንኳ የሚሠሩ ልጆችን ሰብስቦ «ናይለኑን ጣሉት፣ ይሄ ዕድሜ ልክ አይበጠስም» ማለት ጀመረ። ዕድሜ ልክ! ሐዋሳ አሞራ ገደል አንድ አባ ኮዳ አይቻለሁ፤ እግሩ ላይ የናይለን ክር ተጠምጥሞ ሥጋው ውስጥ ገብቷል፣ በአንድ እግሩ እየተንፏቀቀ የዓሣ አንጀት ይለቅማል። ክሩን የጣለው ሰው ቤቱ ገብቶ ተኝቷል። የጥጥ መረብ ይበሰብስ ነበር፤ ጉድለቱ እሱ ነው ተብሎ ተጣለ። የማይበሰብሰው መጣና፣ ተቆርጦ ሐይቅ ውስጥ ሲቀር ባለቤት ሳይኖረው ይይዛል፣ የያዘውንም ማንም አይበላው። ጣና ላይ ነጭ ዓሣ በክረምት ዕንቁላሉን ሊጥል ወደ ጉማራና ወደ ርብ ሲወጣ የወንዙ አፍ ላይ መረብ ይጠብቀዋል። የዓሣ ሀብት አዋጅ፣ ቁጥር 315/1995፣ ከወጣ ሃያ ዓመት አልፎታል፤ የመረቡ ዐይን ግን ከዓመት ዓመት እየጠበበ፣ ዓሣውም አብሮት እያነሰ ነው። ክር ስለተበጠሰበት የተራበ አጥማጅ ዝዋይ ላይ ፈልጎ ያምጣልኝ! ያጣው ዓሣ ነው። ለዓሣ ማጣት ደግሞ የሚሰጠው መድኃኒት የበለጠ የሚይዝ ነገር ከሆነ፣ ሐኪሙም በሽታውም አንድ ናቸው። ይህን ሁሉ እዚያው አልኩት፣ ድምፄንም ዝቅ አላደረግኩም።

ልጆቹ የቤተሰብ ጠብ መሆኑ ገብቷቸው መሬት መሬት አዩ። አንደኛው ግን ክሩን ተቀብሎ በጣቶቹ መሃል አሻሸው፤ ሳበው፤ ጆሮው ላይ አድርጎ ነዘረው። «ጥሩ ነው፣ ጋሼ» አለው በትሕትና። «ግን ከሥር ግንድ ሲይዘው በምን እንበጥሰዋለን? እኛ ታንኳ ላይ ነን፤ ክሩ ካልተበጠሰ የምንገለበጠው እኛ ነን።»

የአክስቴ ልጅ ትንሽ አሰበና ኪሱ ገብቶ ጥፍር መቁረጫ አወጣለት። ልጁ ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ፤ ንዴቴ የት እንደገባ አላውቅም። ጥቅሉን አልወሰዱም፤ ጥፍር መቁረጫውን ወሰዱ።

ስለዚህ ክሩ ገርጂ ቀረ። አክስቴ የተበጠሰ ዶቃዋን ሰካችበት፤ ይህስ እውነት ሠራ። ልብስ ማስጫ አደረገችው፣ ቀጭን ስለሆነ አይታይም፣ እንግዳ ሁሉ ግንባሩን ይመታል። ቋንጣ ልትሰቅልበት ሞከረች፤ እርጥቡ ሥጋ በራሱ ክብደት እየተቆረጠ ሲወርድ የጎረቤት ድመት ከሥር ሆና ጠበቀችው። «ምነው ሲባጎ ብታመጣልኝ ኖሮ» ትላለች ልጇን፣ ሲባጎ ከሚኔሶታ የሚመጣ ይመስል።

ላንጋኖ ላይ ዓሣም ይዞ ነበር፤ ሁለት ቆሮሶ፣ በሱ ክር፣ ልነፍገው አልችልም። ችግሩ ቤት የደረስነው ረቡዕ መሆኑ ነው። እሱ ዓሣ በጾም ይበላል፣ ውኃ ውስጥ ያደገ ነው ይላል። እናቱ ደም ያለው ነገር ቤቴ በረቡዕ አይጠበስም አለች። የነፍስ አባቷ ጋ ተደወለ፤ ማኅሌት ላይ ይሁኑ መንገድ ላይ፣ ስልካቸውን አላነሱም። ዓሣው ፍሪጅ ገባ። አመሻሹ ላይ መብራት ሄደ፣ ክርክሩም ይበላል አይበላም ከሚለው ዞሮ ለሐሙስ ይደርሳል አይደርስም ወደሚለው ተሻገረ፤ የአክስቴ ልጅ ሻማ ተበርቶለት፣ ሚኔሶታ ላይ የሐይቁ በረዶ በምን ተበስቶ ክር እንደሚወርድበት ያስረዳን ጀመር።