ብጉርን በማር ማባበል

ለማር ሹመት እንኳን ደስ ያለን። ድሮ ከጠጅ ጋን ርቆ የማይሄደው ማር ዛሬ ግንባር ላይ ወጥቶ፣ ጉንጭ ላይ ተንጣልሎ፣ ወደ አንገት እየተንጠባጠበ የብጉር ሐኪም ሆኗል። ጋኑ ቢቀና አይፈረድበትም። የሕክምናው ሥርዓትም ቀላል አይደለም፦ አንድ ማንኪያ ማር፣ ጥቂት ሎሚ፣ ቆንጠር ያለ እርድ፤ ከዚያ ዝንብ እየተከላከሉ መጠበቅ። ብጉሩ ከጠፋ የማሩ ገድል ነው፤ ካልጠፋ ደግሞ ማሩ ንጹሕ አልነበረም። እንዲህ በሁለቱም በኩል የማይረታ መድኃኒት በየትኛውም ፋርማሲ አይገኝም።

ማሩን ራሱን ማማት ግን ነውር ነው። ቁስልን በማር ማከም በጥንት ግብፃውያን የሕክምና ጽሑፎች ሳይቀር ሰፍሯል፤ ምክንያትም አለው። ማር ስኳሩ ብዙ፣ ውኃው ጥቂት ስለሆነ ከጀርሞች ላይ እርጥበት ይመጥጣል፤ ኮምጣጣነትም አለው፤ ከቁስል ፈሳሽ ጋር ሲገናኝ ደግሞ ከንቧ የመጣ ኢንዛይም ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ያወጣል። የሕክምና ጥናቶችን የሚመዝነው ኮክሬን የተባለ ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ. ያወጣው ግምገማም ጥልቀት የሌለው ቃጠሎ በማር ሲታከም ከተለመዱት መሸፈኛዎች ከ4 እስከ 5 ቀን ቀድሞ እንደሚድን አረጋግጧል። የማር ቅብ ወዳጆች እዚህ ላይ ያጨበጭባሉ። ያጨብጭቡ፤ ግን ቃጠሎ አፉን የከፈተ ቁስል ነው። ብጉር ደግሞ የጸጉር ቀዳዳ በወዝና በሞተ ቆዳ ሲደፈን፣ ሆርሞን ሲገፋው፣ ከሥር የሚያብጥ ጣጣ ነው። በር ዘግተው ለሚደባደቡ ሰዎች ደጁን ማር ቢቀቡላቸው ይታረቃሉ? ደግሞም ለቁስል ማከሚያ የሚዘጋጀው ማር የጀርም ዘር እንዳይተርፍበት በጨረር የጸዳ ነው፤ የኛው ከሰፈፉና ከንቧ እግር ጋር የመጣ፣ አንዳንዴም መንገድ ላይ ከስኳር ጋር የተጋባ ነው።

«ማን ሞክሮት ያውቃል?» ለሚል፣ ኒውዚላንዳውያን ሞክረውታል። በ2016 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት 136 ብጉር ያለባቸው ሰዎች በሙሉ ፊታቸውን ጀርም በሚገድል ሳሙና ለ12 ሳምንታት ታጠቡ፤ ግማሾቹ ብቻ ካኑካ ከሚባል ዛፍ አበባ የተገኘ፣ ለሕክምና የተዘጋጀ ማር ጨመሩበት። በመጨረሻ ከተመዘኑት መካከል በማሩ በኩል ከ53ቱ 4፣ በሳሙናው ብቻ ከ53ቱ 1 ሰው ጉልህ መሻሻል አሳየ። «አራት እጥፍ!» ብሎ የሚዘል አይጠፋም። ይዝለል፤ ልዩነቱ በአጋጣሚም ሊመጣ የሚችል ስለሆነ አጥኚዎቹ ማሩ ይጠቅማል ለማለት ማስረጃ አላገኙም። በማሩ በኩል የቀሩት 49 ሰዎች ያን ሁሉ ጊዜ የተቀቡት ለንብ ክብር ነበር ማለት ነው።

«ተፈጥሯዊ ነው፤ ምን ይጎዳል?» የሚለው ክርክር ይቀራል። ሳማም ተፈጥሯዊ ነው፤ ፊቱን በሳማ የሚያሽ ግን አላየንም። ማሩ ብቻውን ለብዙ ሰው ጉዳት የለውም፤ የንብ ውጤት ከማይስማማው በስተቀር። ሎሚው ግን ያቃጥላል፤ ፀሐይ ሲያገኘው ደግሞ ጥቁር ምልክት ይተዋል። ዋናው ኪሳራ ጊዜው ነው፦ በጠይም ቆዳ ላይ ያልታከመ ብጉር ሲሄድ ለወራት የሚቆይ ጥቁር ነጥብ፣ ሲብስም ጠባሳ ጥሎ ይሄዳል። «እኔን ግን አድኖኛል» የሚለው ምስክርም አይዋሽም፤ ብጉር አንዳንዴ በራሱ ጊዜ ይከስማል፤ ያን ቀን ፊቱ ላይ የተገኘው ምስጋናውን ይወስዳል። ሽሮ ተቀብቶ ቢሆን ሽሮ በተመሰገነ ነበር።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ማሩን ለጠጁ መልስለት። ለብጉሩ ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ የሚባል ቅባት አለ፤ ሳምንታት ይፈጃል፣ መጀመሪያ ላይ ቆዳ ያደርቃል፣ ፎጣም ያነጣል። ለከበደው የቆዳ ሐኪም አለ። ሁለቱም ዝንብ አይጠሩም።