ተዋዶ መውጣት፣ ተኮራርፎ መውረድ

ፍቅራችሁ ጽኑ መሆኑን ለማረጋገጥ የምትሹ ጥንዶች ሆይ! ሽማግሌ በማስቸገር፣ የንስሐ አባት በማድከም ጊዜያችሁን አታባክኑ። የመንገዱን ሰላም ጠይቁ፣ ድንኳን ያዙ፣ ሰሜን ተራሮች ውጡ። ሦስት ቀን በእግር ከተጓዛችሁ በኋላ የምትተዋወቁትን ያህል በሦስት ዓመት እጮኝነት አትተዋወቁም። ለዚህም ጥቂት የታሰበባቸው ምክሮች እነሆ።

አንደኛ፣ ዕቃ አታሳንሱ። ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ደባርቅ ላይ የፓርኩን መግቢያ ከፍላችሁ አጃቢ ስካውት ሲመደብላችሁ፣ በቅሎና በቅሎ ነጂም ትከራያላችሁ። ባለ ጎማውን ሻንጣ፣ ካውያውንና ለፎቶ የሚሆኑትን አራት ቅያሪ ልብሶች አስጭኑ። ነጂው ሻንጣውን ከፍ አድርጎ ሲመዝን ግን ፊቱን አትዩ። ወፍራም ሹራብና ጓንት የያዘው ከሁለት አንዳችሁ ብቻ ቢሆን ይመረጣል፤ በበጋ ሌሊት ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች ሲወርድ የመነጋገሪያ ርእስ አይጠፋም። «የሁለት ሰው» ተብሎ የሚከራየው ድንኳን ልኩ የተወሰደው ላልተኮራረፉ ሁለት ሰዎች መሆኑንም ልብ በሉ።

ሁለተኛ፣ ራሳችሁን ሲያማችሁ «ቡና ስላልጠጣሁ ነው» በሉ። የሳንቃበር ሰፈር 3,250 ሜትር፣ ግጭ ደግሞ 3,600 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው፤ አየሩ ስስ ነው፣ ጀበናው ግን ጥፋተኛ ሆኖ ይገኛል። ቀልዱ ለጊዜው ይቆየንና፣ ራስ ምታቱ ማቅለሽለሽ ከጨመረ ወደ ላይ መውጣቱ ይቁም፤ ከባሰም መድኃኒቱ መውረድ እንጂ ጀግንነት አይደለም። ማን ነው ያቆመን የሚለውን ክርክር ታች ሆናችሁ ትቀጥላላችሁ።

ሦስተኛ፣ ባል «ዛሬ ወጥ የምሠራው እኔ ነኝ» ብሎ ቢነሳ አትከልክሉት። ግጭ ላይ ውሃ የሚፈላው 88 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ስለሆነ፣ ምስሩ አልበስል ቢለው በቂ ማመካኛ አለው። ቤት ሲመለስ ግን ይህ ማመካኛ አይሠራለትም፤ ሙያውን የሚያሳይበት ቦታ ይኸው ብቻ ነው።

አራተኛ፣ ፈጣኑ ከፊት ይሂድ፤ ዳገቱ አናት ላይ ቆሞም «ደረስሽ?» እያለ ይጣራ። ይህ ትዳርን እንደሚያጠነክር እስካሁን የመሰከረ ባይኖርም ሁሉም ይሞክረዋል። በዚህ መሀል ጋቢ ደርቦ፣ ጠመንጃ አንግቶ፣ በኮንጎ ጫማ የሚራመደው ስካውት ምንም ሳያለከልክ አልፏችሁ ይሄዳል። የእናንተ ጫማ ውድ ነው፣ ውኃ አያስገባም፣ ተረከዛችሁን ግን ልጦታል። ስካውቱ ጅብራ ሥር አረፍ ብሎ ሁለታችሁንም በእኩል ትዝብት ይጠብቃችኋል። እሱ ያየው ጥንድ ብዙ ነው፤ ምንም አይላችሁም።

አምስተኛ፣ ከጭላዳ ዝንጀሮ ተማሩ። መንጋው ሜዳው ላይ ቁጢጥ ብሎ በጣቶቹ ሣር ሲነጭ ይውላል። ደረቱ የቀላው፣ ጎፈሬው የተንዠረገገው ወንድ ላይኛ ከንፈሩን ገልብጦ ጥርሱንና ድዱን ሲያሳይ የቤቱ ጌታ ይመስላል። ሴቶቹ ግን እናትና ልጅ፣ እኅትና እኅት ናቸው፤ ቤቱ የእነሱ ነው፣ ወንዱ መጤ ነው። ባሎች ይህን አስተውለው በዝምታ ሣራቸውን ቢነጩ ይሻላቸዋል።

ስድስተኛ፣ እሜት ጎጎ ላይ ስትደርሱ ፎቶ አንሺውን ምረጡ። ቦታው 3,926 ሜትር ከፍታ ያለው የገደል አፍ ነው፤ አጥንት ከላይ ጥሎ ሰብሮ የሚበላው ትልቁ አሞራ ከእግራችሁ በታች ሲያንዣብብ ታያላችሁ። ከጠዋቱ ጀምሮ ያልተነጋገራችሁ ከሆነ «ትንሽ ወደ ኋላ» የሚባለውን ቃል ሁለታችሁም አትጠቀሙ።

ሰባተኛ፣ ኩርፊያው ቢረዝም ተስፋ አትቁረጡ። ፓርኩ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1978 ከመጀመሪያዎቹ 12 የዓለም ቅርሶች አንዱ ሆኖ ተመዝግቦ፣ ዋልያው ሲመናመን እ.ኤ.አ. በ1996 አደጋ ላይ ካሉት መዝገብ ገባ፤ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። የእናንተ 21 ዓመት አይፈጅም። አለዚያም እስከ ጨነቅ ሰፈር መኪና ይገባል፤ እዚያ ደርሳችሁ ዋልያው ገደሉ ላይ ቆሞ ሲያያችሁ፣ የተጣላችሁበትን ነገር ለማስታወስ ትቸገራላችሁ።

በመጨረሻ፣ ለስካውቱና ለበቅሎ ነጂው የሚገባቸውን በእጃቸው ስጡ። ላስቲኩን፣ ጣሳውንና የሃይላንድ ጠርሙሱን አንድ ሳታስቀሩ ሰብስቡ። ፓርክ ውስጥ ቆሻሻ መጣል ክልክል ነውና፣ የተረፈ ኩርፊያ ካለም ይዛችሁት ውረዱ።