ይድረስ ለክቡር አቶ «ይቀጥላል»

በየድራማው መጨረሻ፣ ከስክሪኑ ግርጌ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ወደ ምሥራቅ ጎጃም እንዲዛወሩ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

እንደምን ሰንብተዋል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ ከእንቅልፍ በቀር። ትናንት ማታ ያቺን ልጅ እጇን የበሩ እጀታ ላይ እንዳደረገች፣ ሳትገባም ሳትመለስም ጥለዋት ሄዱ። ባለቤቴ ሌሊት ሁለት ጊዜ ቀስቅሳ «ትገባ ይሆን?» አለችኝ። በመጀመሪያው «ትገባለች» አልኋት፤ በሁለተኛው «አትገባም» አልኋት። ጠዋት ሁለቱንም አስታውሳ አኮረፈችኝ።

ተወልጄ ያደግሁት ቢቸና ነው፤ ጎጆ የወጣሁት ሞጣ። ስለዚህ በሁለቱም ከተሞች ስም ብጽፍልዎ ነውር አይመስለኝም። የወከለኝ ሰው የለም፤ እርስዎንም ማን እንደሾመዎ ስለማይታወቅ በዚህ እንተካከላለን።

የሚጽፍልዎ አገር በቀላሉ አንገቱን የሚደፋ እንዳይመስልዎ። የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ባወጀ ጊዜ ሞጣና ቢቸና ከዳሞት ጋር ሆነው እምቢ አሉ። ጦር መጣ፣ አውሮፕላን መጣ፤ በመጨረሻ ዘውዱ ውዝፉን ምሮ ነገሩን አበረደው። የዚያ ገበሬ የልጅ ልጅ ዛሬ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ እርስዎ ብቅ ሲሉ ምን እንደሚያደርግ ልንገርዎ? «ኤጭ!» ይላል፣ ሪሞቱን ያስቀምጣል፣ ሊተኛ ይገባል። ነገ በሰዓቱ ይመለሳል። ንጉሥ ያላገኘውን ታዛዥነት አግኝተዋል፤ ያውም ያለ ጦር።

የእርስዎ ሥራ አምስት ሰከንድ ነው። የኛ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ቢቸና ወፍጮ ቤት ገብተው ያውቃሉ? ጤፍ ለማስፈጨት ወረፋ የያዙ ሴቶች የትናንቱን ክፍል የሚተነትኑት እዚያ ነው፤ ሞተሩ ስለሚያጓራ ምስጢርም ቢሆን የሚነገረው በጩኸት ነው። ባለፈው አንዷ ዱቄት የጠጣ ነጠላዋን እያራገፈች፣ ለጎረቤቷ ዋናውን ነገር ልትነግራት አፏን ስትከፍት ሞተሩ በድንገት ቆመ። «ከባሏ ወንድም ነው ያረገዘችው!» የሚለው ቃል ጸጥታው ላይ ወደቀ። ወፍጮ ቤቱ በሙሉ ዞረ። ከገጠር የመጡ አንድ አዛውንት ከኩንታላቸው ላይ ተነሥተው አማተቡና «የማን ልጅ ናት?» አሉ። «የቱርክ ናት» ተባሉ። «ተመስገን» ብለው ተመልሰው ተቀመጡ።

ስለ ቱርክ ካነሣን፣ ቱርኮች አገራችንን ሁለት ጊዜ ሲጎበኙ እናውቃለን። በግራኝ ዘመን ጠመንጃ አንግበው መጡ፤ በ2008 ዓ.ም. ካና ቴሌቪዥን ሥርጭት ሲጀምር ደግሞ አማርኛ ለምደው መጡ። በኋለኛው ይበልጥ ቀንቷቸዋል። ያኔ የአዲስ አበባ የጥበብ ሰዎች ባህል ይበረዛል፣ ያገር ውስጥ ሥራ ይሞታል ብለው አቤት አሉ። ስለ ሥራው እውነት አላቸው፤ ተዋናይ፣ ካሜራና ነዳጅ ከፍሎ ድራማ የሚሠራ ሰው፣ ድምፅ ብቻ ከሚቀይር ጋር በዋጋ እንዴት ይወዳደራል? ስለ ባህሉ ግን፣ በኛ ቤት እስካሁን የተበረዘው የራት ሰዓት ብቻ ነው። እኛን ቅር የሚለን ሌላ ነው። ያ ሁሉ ቱርክ አማርኛ ሲናገር የቦሌ ልጅ ነው፤ አንድ እንኳ «አንች» የሚል አልተገኘም።

የእርስዎን አመል ያባሱትም እነሱው ናቸው። ቱርክ ውስጥ አንድ ክፍል በሳምንት አንድ ቀን፣ ሁለት ሰዓት ገደማ ይታያል። ወደ ውጭ ሲሸጥ ግን በ45 ደቂቃ እየተመተረ ነው። «ጥቁር ፍቅር» ብለን ያየነው ድራማ አገሩ ላይ 54 ክፍል ነበር፤ ድንበር ሲሻገር ሦስት እጥፍ ገደማ ሆነ። እንግዲህ ያቺን ልጅ በር ላይ ያስቆማት ደራሲዋ ላይሆን ይችላል፤ መቀስ የያዘ ነጋዴ ነው። ይህን ለባለቤቴ ባስረዳት «ታዲያ ነጋዴው ያውቃል ማለት ነው፤ ትገባለች አትገባም?» አለችኝ።

ሞጣ ውስጥ አያ የምንላቸው አንድ ጎረቤት አሉን፤ በሰፈሩ የሽምግልና ጉዳይ ያለ እሳቸው አይቆረጥም። የቱርኩ ድራማ «ኩዚ ጉኒ» በሚታይበት ዘመን በየምሽቱ በትራቸውን በር ላይ አስደግፈው፣ በመደቡ ጥግ ተቀምጠው ይከታተሉ ነበር። አንዱ ወንድም የሌላውን ወንጀል ተሸክሞ እስር ቤት መግባቱ፣ ነጻ የቀረው ደግሞ ልጅቱን መውሰዱ እህል አላስበላቸው አለ። «ጥፋቱ የልጆቹ አይደለም» ብለው ፈረዱ አንድ ማታ፤ «አባትየው ናቸው። ቤት ውስጥ አንዱን ልጅ የሚያቅፍ አንዱን የሚገፋ አባት ለዳኛ ሥራ ያበዛል። ይህ ነገር እዚህ ቢሆን ሽማግሌ ገብቶ በአንድ እሑድ ያልቅ ነበር።» ሁላችንም አንገታችንን ነቀነቅን። እንዲህ ያለ አስተያየት በጋዜጣ አይገኝም። እንዳይሰሙኝ እንጂ፣ እሳቸው ራሳቸው ከታናሽ ወንድማቸው ጋር በአንድ የእርሻ ድንበር የጀመሩት ክርክር ብዙ እሑድ አልፎበታል፤ አሁንም ቀጠሮ ላይ ነው። አሜሪካኖች በ1972 ዓ.ም. «ዳላስ» በተባለው ድራማቸው ላይ ጄ.አር. የተባለውን ሰው ማን እንደተኮሰው ሳይነገራቸው 8 ወር ጠበቁ ተብሎ ይተረካል። አያ ይህን ቢሰሙ ይስቃሉ።

አማቴ ደግሞ በዐቢይ ጾም ከሥጋ፣ ከቅቤና ከቱርክ ይታቀባሉ። ድራማው ሲጀምር ነጠላቸውን ተከናንበው ወደ ጓዳ ይገባሉ፤ መጋረጃውን ግን አይዘጉም። እርስዎ ስክሪኑ ላይ ብቅ ብለው እኛ «ኤጭ!» ስንል ከጓዳ ድምፅ ይመጣል፦ «ምነው? ተኮሰው?» ልጃቸው «እማዬ፣ ጾም አይደለሽ እንዴ?» ስትላቸው «ዓይኔ ነው የጾመው፤ ስለ ጆሮ የተሳልሁት የለም» ይላሉ። የፋሲካ ለት ከዶሮው አስቀድመው የሚጠይቁት የስምንት ሳምንቱን ታሪክ ነው። እኛም ተራ በተራ እንተርካለን፤ እኔ የተረክሁትን ባለቤቴ ታርማለች፣ እሷ ያረመችውን ልጃችን ይሽረዋል። እውነቱን ለመናገር የኛ ትረካ ከድራማው ይሻላል። ማንንም በር ላይ አናቆምም።

ከአገር ውስጥ ሥራዎችም ጋር ቢሆን ሒሳብ አለን። በቅርቡ ከቢቸና ወደ ሞጣ በሚኒባስ ስጓዝ ከኋላዬ የተቀመጡ ሁለት ሰዎች ስለ አስናቀ ይከራከሩ ነበር፤ አበበ ባልቻ ስለተጫወተው፣ ስለ «ሰው ለሰው»ው አስናቀ። ድራማው ካለቀ ስንት ዓመት ሆነው! አንደኛው «ክፉ ነው፤ ግን እንደሱ ነገር የሚያስብ ሰው በመንደሩ አልነበረም» ይላል። ሌላኛው «ታዲያ ልጅህን ትሰጠው ነበር?» ይለዋል። ደብረ ወርቅን አለፍን፤ ክርክሩ ወደ ውርስ ሕግ ገባ። ጉንደወይን ስንደርስ አንደኛው ወራጅ ሆነ። አንድ እግሩ መሬት፣ አንድ እግሩ መኪናው ላይ ሆኖ ገና ሦስት ነጥብ እንደሚቀረው አስታወቀ። ተሳፋሪው አጉረመረመ። ሁለቱ ስልክ ቁጥር ተለዋወጡ። ረዳቱ በሩን ጓ አድርጎ ዘጋና «ይቀጥላል!» አለ። እርስዎን በሥጋ ያየሁዎት ያን ዕለት ነው።

ደግሞ «እረኛዬ» በአርትስ ቴሌቪዥን ሲታይ የሆነውን አልረሳም። የገጠር ሰው ለሳቅ ሳይሆን ሰው ሆኖ ሲመጣ፣ የሰፈሩ ሴቶች ቡናውን አቦል ላይ አቁመው ዝም ብለው አዩ። ዝም ማለታቸው ነው የገረመኝ። በኛ ሰፈር አንድን ሥራ ማድነቅ ማለት አለመሳደብ ነው።

ክቡር ሆይ፣ ከእርስዎ በፊትም ተከታታይ ታሪክ እናውቅ ነበር። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙትን «ፍቅር እስከ መቃብር» ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው፣ ቢቸና ሬዲዮ ያለው ቤት ደጁ እንደ ተዝካር ቤት ይሞላ እንደነበር ታላላቆቻችን ያወሩናል። የበዛብህና የሰብለወንጌል ፍቅር የተጠነሰሰባት ዲማ ቅርባችን ናት። ስለዚህ የቢቸና አድማጭ ልብ ወለድ እየሰማ አልነበረም፤ የዘመድ ወሬ እየሰማ ነበር። ፊታውራሪ መሸሻ ከማን ወገን እንደሚወለዱ ሲከራከር ያመሸ ሰው አለ። ጉዱ ካሣን በዓይኔ አውቀዋለሁ ያለም አልጠፋ። ያም ትረካ በየጊዜው ይቋረጥ ነበር፤ ግን እንቅልፍ አይነሳም ነበር ይላሉ። ምክንያቱ ይገባኛል። ደራሲው መጨረሻውን ርእሱ ላይ ጽፈውታል፦ እስከ መቃብር። ፍጻሜውን ሽፋኑ ላይ የሚነግር ሰው እርስዎን አይለማመጥም።

ስለ መንጠልጠልም ከሆነ፣ እኛን ሊያስተምሩን አይችሉም። ከሞጣ ወደ ዓባይ ሲወርዱ ሰባራ ድልድይ አለ፤ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ፣ በጣሊያን ወረራ ጊዜ መካከሉ የተሰበረ። ከዚያ በኋላ ከስድሳ ዓመት በላይ ጎጃሜውና በጌምድሬው በዚያ ክፍተት ላይ የተሻገሩት በገመድ ነው። ሰውዬው ገመዱን ብብቱ ሥር ያስራል፣ ይለቀቃል፣ ከሥሩ ዓባይ ያጓራል፣ ወዲያ ማዶ ያሉት ይጎትታሉ። በ1994 ዓ.ም. ፎቶውን መጽሔት ላይ አይቶ ልቡ የተነካ አንድ አሜሪካዊ ሰው አሰባስቦ መጥቶ በብረት አገጣጠመው፤ ጥቂት ዓመት ቆይቶ ጎርፍ ወሰደው፤ ከዚያ በኬብል የተንጠለጠለ መሸጋገሪያ ተሠራ። ልብ ይበሉልኝ፦ በዚያ ሁሉ ዘመን ሰውን ዓባይ መካከል ላይ አድርሶ «ይቀጥላል» ብሎ ገመዱን አስሮ ራት ሊበላ የሄደ ጎታች አልነበረም።

እንግዲህ ወደ ጉዳዬ ልግባ።

ባለፉት ዓመታት በኛ አካባቢ የተቋረጠው ድራማ ብቻ አይደለም። ኢንተርኔት ለወራት ጠፋ። መንገድ አንዳንድ ቀን ክፍት፣ አንዳንድ ቀን ዝግ ሆነ። ትምህርት ቤት ተዘጋ። መብራት ሲሄድ፣ እርስዎ የሚታዩበት ስክሪን ራሱ ጨለመ፤ ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። የጎረቤቴ ልጅ ደብተሩን ለቡና ማራገቢያ ሲያደርገው አይቼ ተቀበልሁት። ጽሑፍ ያለበት የመጨረሻው ገጽ ላይ ቀን ተጽፏል። ርእስ ተጽፎ ከሥሩ ሁለት ጊዜ በማስመሪያ ተሰምሯል። ከዚያ ሁለት መስመር ተኩል፤ ሦስተኛው መስመር ቃል መካከል ላይ ቆሟል። ገልብጬ ግርጌውን አየሁ። የሉም። ሴት ያረገዘችበት፣ ሽጉጥ የተመዘዘበት ቦታ ሁሉ አንድ ቀን ሳያዛንፉ የሚገኙት እርስዎ፣ እዚያ ደብተር ላይ ስምዎ የለም።

ስለዚህ የሁለቱ ከተሞች ነዋሪዎች ያቀረብነው ጥያቄ ዝውውር ነው። የሥራ ልምድ አለዎት፤ እምቢ የሚልዎ ሰው የለም፤ «ነገ» ብለው ነገ የሚመጡ እርስዎ ብቻ ነዎት። ቤት እንፈልግልዎታለን። ጤፉ የቢቸና ነው፤ ስለ እንጀራው አይጨነቁ። ሞጣ ብርድ አለ፤ ጋቢ ይያዙ። የሥራ ቦታዎ የተዘጋው ትምህርት ቤት በር፣ የቆመው መንገድ ዳር፣ የዚያ ልጅ ደብተር ግርጌ ነው። ድራማው ከተቋረጠ ይቋረጥ፤ እኛ በወፍጮ ቤት እንጨርሰዋለን። ባለቤቴን በግል አነጋግሬያታለሁ፤ ልጅቱ ብትገባም ባትገባም ችላ እንደምትቀመጥ ቃል ሰጥታለች።

መልስዎን በጽሑፍ እንጠብቃለን። እባክዎ መጨረሻው ላይ ስምዎን አይጻፉበት፤ ማለቁን አለማለቁን አናውቅምና።

ከሰላምታ ጋር
አንድ ተመልካች፣ ከሞጣ

ግልባጭ፦
ለአማቴ (ከፋሲካ በኋላ)
ለጉንደወይኑ ወራጅ፣ ለቀሩት ሦስት ነጥቦች

አባሪ፦ አንድ የሒሳብ ደብተር፣ ከገጽ 23 በኋላ ባዶ