ሰማይን የምታየው ልብስ ስታሰጣ ነው

«ገበሬው ጠግቧል፤ ሽንኩርቱን ደብቆ ነው ያስወደደው» ላልከው ወንድሜ፤

የት ይደብቀው? ሽንኩርቱ የሚበቅልባት ሸዋ ሮቢት እኮ ቆላ ናት፤ ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘህ፣ ጣርማ በርን አልፈህ፣ ደብረ ሲናን ወርደህ፣ ጃኬትህን አውልቀህ የምትገባባት። ዝናብ የነካው ሽንኩርት በዚያ ሀሩር ማዳበሪያ ውስጥ ታጭቆ ቢሰነብት ሽታው ራሱ ያጋልጠዋል። ቀዝቃዛ መጋዘን ቢኖረውማ ደላላው እርሻው ጫፍ ላይ ቆሞ በቆረጠለት ዋጋ ባልሸጠ ነበር። አንተ ሰማይን የምታየው ልብስ ስታሰጣ ነው፤ እሱ ቀና ሲል የሚታየው ብድሩ ነው።

«ዘንቦ የለ እንዴ? ሌላ ምን ይፈልጋሉ?» ላልሽው እህቴ፤

ቀኑን ይፈልጋሉ። የሽንኩርት ዘር መደብ ላይ ተዘርቶ ለችግኝ እስኪደርስ አንድ ወር ተኩል ገደማ ይፈጃል፤ ማሳ ላይ ከተዛወረ በኋላ ደግሞ ሦስት አራት ወር። መጨረሻ ላይ ቅጠሉ ሲተኛ፣ አንገቱ ሲቀጥን፣ ውሃ ይቋረጥበታል፤ የሚሻው ፀሐይና ደረቅ አፈር ነው። ሰማዩ የሚዘረገፈው ያን ጊዜ ነው። በማግስቱ አንዱን ንቀይና ያዢው። ላዩ ቀይ ነው፣ ያምራል። አንገቱን በአውራ ጣትሽ ጫን ስትዪው ግን ጣትሽ ይሰምጣል፤ ቅርፊቱን ስትገልጪ ሁለተኛው ንጣፍ ውሃ ቋጥሮ ቡናማ ሆኗል። እንዲህ ያለው ሽንኩርት አይሱዙ ላይ ሲጫን አጠገቡ ያለውንም ያበሰብሳል። ነጋዴው ይህን ስለሚያውቅ ገና እርሻው ላይ ዋጋውን ይሰብረዋል። የአምስት ወር ድካም በአንድ ሌሊት ዝናብ። «ዘንቦ የለ» ያልሽው ይሄንን ነው፣ እህቴ።

«ድሮም ድርቅ ነበር፤ ክፉ ቀንን አልሰማችሁም?» ላሉኝ አባቴ፤

ሰምተናል። የ1977ቱን ድርቅም ያዩ ሰዎች ዛሬም አሉ። ያኔ ግን ክፉ ዓመት መጥቶ ሲሄድ ወቅቱ ወደ ቦታው ይመለስ ነበር፤ ዛሬ ደህናውም ዓመት ቀጠሮ አያከብርም። በልጉን አምኖ በየካቲት ያረሰ ሰው መጋቢትን ሰማይ ሰማይ ሲያይ ይጨርሰዋል። ክረምቱ ዘግይቶ ይገባና ቶሎ ይወጣል፤ ሲጥልም የሳምንቱን በአንድ ከሰዓት ያወርደዋል። አንድን ዝናብ ነጥዬ «ይሄ የአየር ንብረት ለውጥ ነው» አልልዎትም። አየር ግን በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ በሞቀ ቁጥር የሚሸከመው እርጥበት በ7 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ የተሸከመውን ሲያራግፍም መጥኖ አይደለም። እ.ኤ.አ. 2024 በመዝገብ ከተያዙት ዓመታት ሁሉ የሞቀው ነበር። በ2008 ዓ.ም. ኤልኒኖ ባባሰው ድርቅ 10.2 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን እርዳታ ጠባቂ የሆኑትም ገና ትናንት ነው፣ አባቴ።

«ቲማቲም ሙቀት ይወዳል» ላልከው ባለሙያ ነኝ ባይ፤

ይወዳል፣ ልክ አለው እንጂ። ቀኑ ከ32 ዲግሪ፣ ሌሊቱ ደግሞ ከ21 ዲግሪ በላይ እየሆነ ሲሰነብት አበባው ፍሬ መያዝ ያቅተዋል። ቢጫው አበባ ከነእግሩ ተቆርጦ ቦዩ ውስጥ ይረግፋል። ተክሉ ለምለም ነው፣ ከመኪና መስኮት ሲያዩት ያስቀናል፤ ሳጥኑ ግን አይሞላም። ቱታ አብሶሉታ የሚባለው የቲማቲም ቦርቧሪ ከደቡብ አሜሪካ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ2012 አገራችን ገባ፤ ሙቀት ሲያገኝ ቶሎ ቶሎ ይራባል። ገበሬው መርጫውን ተሸክሞ መድኃኒት ይደጋግምበታል፤ ተባዩ መድኃኒቱን ይለምደዋል፣ ወጪው ይቆለላል።

«ወንዝ አላችሁ፣ በመስኖ አልሙ» ላሉት ጋሼ፤

ሮቢ አለ፣ ጀውሃም አለ። ሁለቱም ውሃቸውን የሚያገኙት ከላይ ከተራራው ነው፤ ተራራው ላይ በልግ ካልጣለ ታች ያለው አሸዋ ነው የሚታየው። በጋ ሲገፋ ሰዉ የወንዙን መሃል በአካፋ ይቆፍራል፤ ውሃ ጠብ ጠብ ብሎ ጉድጓዱን ሲሞላ ሞተሩን ያስነሳል፤ ጉድጓዱ ሲነጥፍ ያጠፋል፤ ተቀምጦ ይጠብቃል። ናፍጣው ግን አብሮ አይጠብቅም። የውሃ አባቱ ተራ ለማካፈል ይደክማል፤ የላይኛው ሰው ሲጠልፍ የታችኛው ይደርቃል፣ ጉርብትናም አብሮ ይደርቃል። ያው ወንዝ ነው እንግዲህ በክረምት ደፍርሶ መጥቶ ዳሩን እየናደ ማሳ ይዞ የሚሄደው። ለስምንት ወር አጥቶ ለአንድ ሌሊት መጥለቅለቅ መስኖ አይባልም፣ ጋሼ።

«አንበጣውስ? እሱም የአየር ንብረት ነው?» ላልከኝ፤

አዎ፣ እጁ አለበት። በግንቦት እና በጥቅምት 2018 እ.ኤ.አ. ሁለት ከባድ አውሎ ነፋሶች የዓረብን በረሃ በዝናብ አራሱት፤ አንበጣው እዚያ ተራባ። ከዚያ ተሻግሮ በ2013 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ምሥራቅ አማራን ሲበላ ከረመ።

ሁሉን በሰማይ ላይ እንደማላሳብብም ይመዝገብልኝ። በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ሸዋ ሮቢት ድረስ ዘልቋል፤ የማዳበሪያ ዋጋ አለ፤ የደላላ ሰንሰለት አለ። እነዚህን ሰው ሠራሽ ችግሮች እኛው በእኛው መፍታት አለብን። ማሳው አጠገብ የሽንኩርት ማድረቂያ ዳስና ማከማቻ መሥራት ተአምር አይጠይቅም። የሜትዎሮሎጂ ትንበያ በገበሬው ስልክ፣ በገበሬው ቋንቋ፣ ከመንቀሉ በፊት ይድረሰው።

«ዛፍ ትከሉ፣ ከዓለም አትጠብቁ» ለሚለው ግን ድምፄን ከፍ አድርጌ እመልሳለሁ። ተክለናል፣ እንተክላለን፤ የጣርማ በር ገደል በዛፍ ቢሸፈን ለሮቢ ወንዝ እሰየው ነው። ነገር ግን አንድ ኢትዮጵያዊ በዓመት በነዳጅ የሚለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሩብ ቶን አይሞላም፤ አንድ አሜሪካዊ ከ13 ቶን በላይ ይለቃል። እ.ኤ.አ. በ2009 ኮፐንሃገን ላይ አፍሪካን ወክለው የተደራደሩት መለስ ዜናዊ ነበሩ፤ ያኔ ሀብታሞቹ አገሮች ከ2020 ጀምሮ ለታዳጊ አገሮች የአየር ንብረት ድጋፍ በዓመት 100 ቢሊዮን ዶላር ቃል ገቡ። ገንዘቡ ያን መጠን የደረሰው በ2022 ነው። ሁለት ዓመት ማዘግየት ለባለ ብዕሩ ፊርማ ነው፤ ለሸዋ ሮቢት ገበሬ አራት ምርት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2027 የዓለም የአየር ንብረት ጉባኤ፣ ኮፕ 32፣ አዲስ አበባ ይካሄዳል። ለአዘጋጆቹ አንድ ልመና አለኝ፤ እንግዶቹን ከአዳራሽ አውጥታችሁ ለአንድ ቀን ሸዋ ሮቢት አውርዷቸው። ሽንኩርት የሚነቀልበትን ቀን ምረጡ፤ አንገቱን በገዛ አውራ ጣታቸው ይጫኑት።