አንድ ኪሎ ተኩል

ልጄ አራተኛ ክፍል ገብታ ክፍልፋይ ስትጀምር ቤታችን ተጨነቀ። ላዕልና ታህት ሲባል አንገቷን ትደፋለች። በመጨረሻ የባለቤቴ ወንድም ስልኬ ላይ አንድ መተግበሪያ ጫነልኝ። ፒዛ ተቆርሶ ይመጣል፤ ልጅቷ ቁራሹን በጣቷ እየጎተተች የጎደለውን ስትሞላ ኮከብ ታገኛለች። ፒዛ ምን እንደሆነ ብትጠይቀኝ ድፎ ዳቦ ነው ብዬ ነገርኳት፤ ያን ጊዜ ገባት።

እንዲህ ያለውን ጨዋታ አልንቅም። ሞሽን ማዝ የሚባል ነበር፦ የምትወርደዋን ኮከብ ልጁ ታብሌቱን ወዲያ ወዲህ እያዘነበለ በቁጥር መስመሩ ላይ በትክክለኛው ክፍልፋይ ያሳርፋት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 አሜሪካ ውስጥ ሲፈተን፣ በቀን 20 ደቂቃ ለ5 ቀን የተጫወቱ የአምስተኛ ክፍል ልጆች ውጤት ከፍ ብሎ ተገኝቷል። የእኔዋም በሁለት ሳምንት ላዕሉ ከታህቱ የሚበልጠውን ሁሉ ያለ ወረቀት ትፈታው ጀመር።

ደስ ስላለኝ ቅዳሜ ጠዋት መርካቶ ይዣት ሄድኩ። ራጉኤል ጋ ከታክሲ ወርደን፣ በሰውና በተሸካሚ መሀል ተሹለክልከን በርበሬ በረንዳ ደረስን። እንድትለማመድ ብዬ የምንገዛውን በቁጥር ጽፌ ሰጠኋት፦ ኮረሪማ 1/4፣ ጥቁር አዝሙድ 1/8፣ የሽሮ በርበሬ አንድ ኪሎ ተኩል፣ እሱንም በቁጥር። ለዓመታት ደንበኛችን የሆኑት እትዬ ዘንድ ዱካ ላይ አስቀምጫት የበር ማጠፊያ ልገዛ ወደ ምስማር ተራ አቀናሁ።

ስመለስ ጆንያ ታስሮ ተሸካሚው ሊያነሳው ጎንበስ ብሏል።

«ወንድሜ፣ ድግስ አለ እንዴ?» አሉኝ እትዬ። «አምስት ኪሎ ተኩል አለችኝ። ሁለቴ ጠይቄያታለሁ።»

ልጄን አየኋት። ወረቀቱን ዘረጋችልኝ። «አባዬ፣ አሥራ አንድ ለሁለት ሲካፈል አምስት ተኩል ነው እኮ!»

ልክ ናት። አንዱን ከግማሹ ጋር አጠጋግቼ ጽፌው 11/2 ሆኗል።

«ስንት ነበር ታዲያ?»

«አንድ ኪሎ ተኩል።»

«አራት ኪሎ ይመለሳላ» አሉ፣ እኔ ገና ሳላሰላው። ጆንያው ተፈታ፣ ዛላው ወደ ክምሩ ተገለበጠ፣ ብናኙ ተነስቶ በአካባቢው የነበርነው ሁሉ አነጠስን። ልጄ የተሳሳተች መስሏት እንባዋ መጣ። ስህተቱ የእኔ እንደሆነ፣ እሷ ያነበበችው ልክ እንደነበር እዚያው ሰው ፊት ነገርኳት።

እትዬ ደግሞ ሌላ ነገር አወሩኝ። ልጄ ጥቁር አዝሙዱን «አንድ ስምንተኛ» ስትላቸው «የሩብ ግማሽ በይኛ፣ የኔ ልጅ!» ብለው መዝነውላታል። ይህች ቃል ከአእምሮዬ አልወጣም አለች። ባፌ «አንድ ኪሎ ተኩል» ብል ኖሮ ማንም አምስት አይሰማም ነበር። ልጄ ትምህርት ቤት ሳትገባ ጀምሮ «ሦስት ሰዓት ከሩብ»፣ «ለአራት ሩብ ጉዳይ» ትላለች፤ ክፍልፋይ መሆኑን ግን የነገራት የለም። ገበሬው እርቦና ሲሶ ሲል ኖሯል። በ1887 ዓ.ም. የዳግማዊ ምኒልክ ገንዘብ ፓሪስ ሲቀረጽ እንኳ አላዱ የብር ግማሽ፣ ሩቡ የብር አንድ አራተኛ፣ ተሙኑ አንድ ስምንተኛ ነበር። ሰው ክፍልፋይን በኪሱ ይዞ ገበያ ይወጣ ነበር ማለት ነው። ስልኬ ላይ ያለው መተግበሪያ ግን «ተኩል» ሲል ሰምቼው አላውቅም፤ የሚያወራው በእንግሊዝኛ ነው። ኮምፒዩተር የተማሩት ልጆቻችን ድፎ ዳቦ የሚቆረስበት፣ ሚዛን የሚሰቀልበት፣ «ከሩብ» እና «ሩብ ጉዳይ» የሚል አንድ ቢሠሩልን ከልቤ እመኛለሁ። ከመሥራታቸው በፊትም አንድ ቅዳሜ በርበሬ በረንዳ ቢውሉ።

ልንሄድ ስንል እትዬ የሚዛኑን ድንጋዮች ወደ ልጄ ገፋ አደረጉ። «ነይ እስቲ፣ የራስሽን አንቺው መዝኚው።»

የኪሎዋን ድንጋይ አስቀመጠች፤ የግማሿን ደረበችባት። ዛላውን በእፍኟ እያነሳች በወዲያኛው በኩል ጨመረች። በዛ። ሁለት ፍሬ አነሳችለት፤ አነሰ። አንዷን መለሰችና እጇን ወደ ኋላዋ አድርጋ ሚዛኑ እስኪረጋ ጠበቀች።