ስለ አስተያየት መስጫ ሣጥን ተፈጥሮና ጠባይ

የአስተያየት መስጫ ሣጥን ከእንጨት ወይም ከላሜራ የሚሠራ፣ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የሚኖር፣ መጉረሱ የታወቀ፣ መዋጡ ግን እስካሁን ያልተረጋገጠ ፍጡር ነው። በአጅባርም ይገኛል፣ በመካነ ሰላምም ይገኛል፤ ማኅተምና ወረፋ ባለበት ሁሉ ይራባል። የዜጎች ቻርተር ከተለጠፈበት አካባቢ መኖር ይወዳል። ዕድሜ ልኩን የማይለየው ባልንጀራው ጓጉንቸር ነው። ጓጉንቸሩ ሲከፈት ያየ ሰው የለም ብሎ መደምደም ድፍረት ስለሚሆን፣ «አየሁ የሚል አላገኘንም» በሚለው እንወሰናለን።

ሣጥኑ አስተያየት ለመሰብሰብ የተሰቀለ ነው የሚለው የቆየ አመለካከት በዚህ ጥናት ተቀባይነት አላገኘም። ሣጥኑ የተሰቀለው የማይፈለገውን አስተያየት ከሚፈለገው ለመለየት ነው። ለዚህም ሁሉንም የማይፈለግ አድርጎ ይይዛል። በመሆኑም የማይፈለግ አስተያየት ሾልኮ ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ የሚደርስበት ዕድል የለም ማለት ይቻላል። በዓለም ላይ ስንት ባለሙያ ተሰብስቦ መልዕክት የሚያጣራ ፕሮግራም ሲጽፍ ይውላል፤ መብራት ሲጠፋ ያ ሁሉ ቀጥ ይላል። ሣጥናችን ግን በጨለማም ይሠራል።

ስለ ሆድ ዕቃው በቀጥታ መናገር ባይቻልም ከሚያጎርሱት ሰዎች ተነሥቶ መገመት ይቻላል። ከእናቱ ጋር የመጣ ሕፃን የማስቲካ ልጣጭ ይከትበታል። አንዱ ዕጣው የወጣ ሎተሪ ይጨምርበታል፤ ምን አስቦ እንደሆነ አልተደረሰበትም። «አገልግሎታችሁ እጅግ ያረካል፣ በዚሁ ቀጥሉ» የምትለዋ ወረቀት ደግሞ አልፎ አልፎ ከመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ የእጅ ጽሑፍ ጋር ትመሳሰላለች። በሌላው ዓለም ሰው መስሎ የሚያመሰግን ማሽን አለ ይባላል። እኛ ዘንድ ይህ ሥራ አሁንም በሰው እጅ ነው፤ የሥራ ዕድል ፈጥሯል።

ከባድ አስተያየት ያለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ብዕር አይዝም። ከቆላው ቀበሌ ሌሊት ተነሥተው፣ ዳገቱን ወጥተው፣ ጋቢያቸውን እንዳጣፉ የደረሱ ሽማግሌ አስተያየታቸው አፋቸው ላይ ነው።

«ልጄ፣ የኔ ጉዳይ መቼ ነው የሚታየው?»

«አባቴ፣ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። ቅሬታ ካለዎት በጽሑፍ ያስገቡ።»

የሣጥኑ ቀዳዳ ስፋት አንድ የታጠፈ ወረቀት ያሳልፋል፤ ሽማግሌ አያሳልፍም። ይህን የንድፍ ጉድለት ነው የሚሉ አሉ። ጥናቱ እንደ ጉድለት አላየውም።

ደብዳቤ ተቀብሎ መልስ ባለመስጠት ዘርፍ ትልቁ ክስተት የተፈጸመው ሩቅ አገር አይደለም፤ ከአጅባር ብዙም በማይርቀው መቅደላ ነው። አፄ ቴዎድሮስ በጥቅምት 1855 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ የወዳጅነት ደብዳቤ ጻፉ፤ መልእክተኞች ልላክ ብለው ጠየቁ። በእንግሊዙ ቆንስል ካሜሮን በኩል የተላከው ደብዳቤ በዚያው ዓመት ለንደን ደረሰ፤ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱም ሳይመልስለት መዝገብ ውስጥ አኖረው። ጓጉንቸር እንደነበረው አልታወቀም፣ የተቀረው አሠራር ግን ከኛው ጋር አንድ ነው። ንጉሡ ከአንድ ዓመት በላይ ጠብቀው በ1856 ቆንስሉን አሰሩ፤ ይህም «ቅሬታ በአካል ማቅረብ» በሚለው ምድብ ሊታይ ይችላል። በመጨረሻ እንግሊዝ 13,000 ያህል ወታደርና 44 ዝሆኖች አንቀሳቀሰች፣ ከ8 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ አወጣች፤ ነገሩም ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ በንጉሡ ሞት ተቋጨ። ዝሆን ጭኖ የመጣው መልስ የተነፈገው ወገን ቢሆን ኖሮ ታሪኩን መረዳት ይቀል ነበር። የመጣው ግን መልስ የነፈገው ነው። የደብዳቤ አያያዝ ሥልጠና በሚሰጥበት አዳራሽ ይህ ምሳሌ ሲነሣ አልሰማንም።

ሕግ በበኩሉ ተቃራኒውን አቅጣጫ ይዞ፣ ሳይጠየቅ ወደሚመጣው መልዕክት ነው የሄደው። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ሸቀጥና አገልግሎት ለማስተዋወቅ ያለ ተቀባዩ ፈቃድ የኢሜይል መልዕክት የሚያሰራጭን እስከ ሦስት ዓመት በሚደርስ ቀላል እስራትና እስከ 30,000 ብር በሚደርስ መቀጮ ይቀጣል። ላኪው ማንነቱን ካሳወቀና ተቀባዩ በቀላሉ እምቢ የሚልበትን መንገድ ካስቀመጠ ግን ይድናል። እዚያው ወረፋ ላይ የተቀመጡት ሽማግሌ ስልካቸው ይንጫረራል፤ ባለ አጭር ቁጥር መልዕክት ነው። ሎተሪ ይቁረጡ ይላቸዋል፣ የእንግሊዝኛ ቃል ይማሩ ይላቸዋል፣ ለማቋረጥ «ስቶፕ» ብለው ይላኩ ይላቸዋል። ሽማግሌው ሳይጠይቁ የደረሳቸውን የሚያቆሙበት ቁልፍ ኪሳቸው ውስጥ አለ፤ የጠየቁት እንዲደርስ የሚያደርገው ቁልፍ ግን ከያዡ ጋር ሥልጠና ላይ ነው፣ ደሴ።

ስሙን መጥቀስ የማያስፈልግ አንድ መሥሪያ ቤት ለበዓል ቀለም ሲቀባ ሣጥኑም ሳይወርድ አብሮ ተቀባ። ቀለሙ ወፍራም ስለነበር ቀዳዳውን ደፈነው። ቀጥሎ በወጣው የሩብ ዓመት ሪፖርት «በሣጥን የቀረበ ቅሬታ፦ የለም» የሚል ሰፈረ፤ በአፈጻጸም ምዘናውም ቀይ ምልክት አልተደረገበትም። ለሌሎች ቢሮዎች በተሞክሮነት እንዲሰፋ ሐሳብ ቀርቦ ነበር፤ ሐሳቡን ያቀረበው ሰው በጽሑፍ እንዲያስገባ ተነግሮታል።